የእናቴ እግር ማሞቂያ

በዚያ ዘመን ላሊበላ ውስጥ ከሚታዩት ጥቂት መኪኖች ማሞቂያው የሚሠራው የእኔ ብቻ ነበር። የእኔ ስል ለነገሩ የእኔ አልነበረችም፤ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ነበረች። ግን ሹፌሯ እኔ ስለነበርኩ ሌላ ሰው መሪዋን ሲነካ ደሜ ይፈላ ነበር። አሮጊት ናት። ቀለሟ አንድ ጊዜ አረንጓዴ እንደነበረ የሚመሰክረው የበሯ የውስጥ ጠርዝ ብቻ ነው። በሮቿ አይገጥሙም፤ ወለሏ ላይ ባለው ቀዳዳ መንገዱ ከሥር ሲሮጥ ይታያል። ከእኔ በፊት የነዷት ሁለት ሹፌሮች ማሞቂያዋን ሞቷል ብለው ረስተውት ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ሥራ በሌለበት ቀን ሁሉ፣ ዝገቱን እያራገፍኩ ነፍስ የዘራሁበት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልናገር፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ እየጋለ ሲዞር፣ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ከሞተሩ ተነሥተው ከፊተኛው ወንበር ፊት ለፊት፣ ከእግር በላይ ወዳለች ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ይሄዳሉ። እኛ ሹፌሮች ቱቦውን ማኒኮቶ እንለዋለን። በአንዱ ትኩሱ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ይመለሳል። ሣጥኗ ስትግል ከሥሯ ባለች አፍ በኩል ሙቀቱ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው እግር ላይ ይነፍሳል። ሥራዋ ይኸው ነው። ሣጥኗ ጨርሳ ባትኖር ሞተሩ ምንም አይጎድልበትም። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

እናቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻ ነበርናት። አባታችን የሞተው ታናሼ ገና ሳይራመድ ነው። ጓሯችን ዳማከሴ የሞላበት ነበር፤ ምች መታኝ፣ ራሴን አመመኝ ያለ የሰፈር ሰው ሁሉ ከእሷ ደጅ ነው ቅጠል የሚለቅመው። እኔና ወንድሜ ያደግነው ያንን ቅጠል ግንባራችን ላይ እየታሸን፣ ጭማቂውን በአፍንጫችን እየማግን ነው። ከእሳት ዳር ተነሥቶ ወደ ብርድ መውጣት፣ ላብ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ መቆም በእኛ ቤት ከስርቆት የማይተናነስ ጥፋት ነበር።

የብሔራዊ ውትድርናው ዙር ሲደርስ ከየቤቱ አንድ አንድ ጎልማሳ ይፈለግ ጀመር። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም ሹፌር ስለሆንኩ ስሜ ዝርዝሩ ላይ አልሰፈረም። የታናሼ ስም ሰፈረ። በአንተ ምትክ ሄደ ያለኝ ሰው የለም፤ እናቴም አንድ ቀን እንኳን ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ይህንኑ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ነው ቁጡ የሆንኩት። በፊትም ቁጡ ነበርኩ፤ ያኔ ባሰብኝ።

ሌላም የማያኮራ ነገር አለ፤ ከጀመርኩ አይቀር ልናገረው። ቀናተኛ ነበርኩ። እናቴ ሁለታችንንም ትወደናለች፤ እሱ በበር ሲገባ ግን ፊቷ ይበራል። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ሆኜ እንኳን ይህ ያንገበግበኝ ነበር። እሱ ተጫዋች ነው፤ ያስቃታል፣ ነጠላዋን ሰርቆ ይደብቅባታል። እኔ ጨዋታ አላውቅም። እኔ የማውቀው መጠገን ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ጣራውን ጠገንኩ፣ በሩን ጠገንኩ፣ አልጋዋን ጠገንኩ። የሚጠገን ነገር ሲያልቅብኝ ነው የመኪናዋን ማሞቂያ የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ሙጃ ውስጥ የአክስቷ ልጅ አርፋ ለለቅሶ ልትሄድ ነበር፤ እኔም ለሥራ ወደዚያው ስለምሄድ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ዳገቱን ጨርሰን ብርዱ ሲጀምር ማሞቂያውን ከፈትኩት። ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች።

«ማሞቂያ ነው እማ። ላንቺ ብዬ ነው የሠራሁት። ሞቀሽ?»

ጎንበስ ብላ የሚነፍሰውን አፍ አየች። ከዚያ እግሯን ቀስ አድርጋ መለሰችና፣ «ሞቀኝ ሆዴ፤ ተባረክ። እጅህን አይንሳኝ» አለችኝ። በዚያች ምርቃት ሙጃ ድረስ በክንፍ ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ በሄደች ቁጥር እጠይቃታለሁ፣ ሞቀኝ ትለኛለች። ከተማውም ሰምቶ፣ እናቱን ምድጃ ላይ አስቀምጦ የሚነዳ ሹፌር እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔ ደስታዬ ነው። መኪናዋ ውስጥ ዳማከሴ ዳማከሴ መሽተት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከልብሷ የመጣ መሰለኝ፤ እናቴ ያለችበት ቦታ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሸተው።

በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ፣ አንድ የጨው ነጋዴ ከወልድያ የታጠፈች ወረቀት አመጣልኝ። የታናሼ ጽሕፈት ናት። ከማሠልጠኛ ወጥተናል፤ ወደ ጎንደር በኩል እየወሰዱን ነው፤ ዓርብ ማታ ፍላቂት ደርሰን ቅዳሜ እስከ ቀትር እዚያ ነን ይባላል፤ ከዚያ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም፤ እባክህ እማን አምጣልኝ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ብርድ ነውና እግሯን አልብሳት የሚል ነበረበት። ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ተናደድኩ። እኔን ስለ እናቴ እግር ማስጠንቀቁ ነው! ማሞቂያ እንደሠራሁላት አያውቅማ። ቅዳሜ ያያል አልኩ በልቤ።

አለቃዬ ደግ ሰው ነበር። ፍላቂት የሚደርስ ጥቂት ኩንታል የዘር ገብስ ስለነበር በእሱ አመካኝቶ የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ። ያለ ወረቀት ያን ጊዜ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ንቅንቅ የለም። እናቴ ሁለት ቀን ስትጋግርና ስትቆላ ከረመች። የጾም ዳቦ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ስልቻ ቆሎ። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ጦር የሚበቃ ስንቅ ነው። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ የላስቲክ ጫማዋን አጥባ ነበር። ካልሲ የሚባል ነገር በሕይወቷ አድርጋ አታውቅም።

ዳገቱን በሰላም ጨርሰን ደጋው ሜዳ ላይ ወጣን። ውርጩ በገብሱ ቃርሚያ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጋሸና መገንጠያ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የፊት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ላብ አለው፤ የረጠበ ጎማ ሽታ መጣ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ከፍቼ ሳይ ወደ ማሞቂያው ትኩስ ውሃ የሚወስደው ማኒኮቶ በቁመቱ ተሰንጥቋል፤ ውሃው በስንጥቁ እየፈናጠረ ሞተሩ ላይ ይንጫጫል።

«ደህና ነው ልጄ?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ቀላል ነው እማ። ቱቦ ነው።»

«እንደርሳለን?»

«እንዴታ! እንደርሳለን።»

ሌላ አልጠየቀችም። ስለ መኪና እኔ ያልኩትን እንደ ወንጌል ነው የምትቀበለው።

የሚደረገውን አውቃለሁ። የተሰነጠቀውን ቱቦ አውጥቶ መጣል፤ ደህነኛውን ቱቦ ከማሞቂያው ላይ ነቅሎ ማዞርና ውሃው ከሞተሩ ወጥቶ መልሶ ወደ ሞተሩ እንዲገባ መግጠም። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ውሃ መሙላት፣ መንዳት። ማሞቂያው ብቻ አይሠራም። ከጋሸና እስከ ፍላቂት ያለው መንገድ ከደጋም ደጋ ነው፤ ነፋሱ በማይገጥሙት በሮቿ በኩል እየገባ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ከሲታ ናት፣ ጾመኛ ናት፣ ባለፈው ዓመት ሳል ይዟት ሁለት ወር ተኝታለች። ይህ ሁሉ ምክንያት ነው፣ እውነትም ነው። ግን ዋናው ይህ አልነበረም። ዋናው፣ ወንድሜ ፊት ስትወርድ ሞቋት እንድትወርድ ፈልጌ ነው። ወንድምህ እስከዚህ ድረስ እግሬን እያሞቀ አመጣኝ እንድትለው ፈልጌ ነው። ከወንበሩ ሥር ከክረምቱ ጀምሮ ያስቀመጥኩት፣ ከደሴ ያስመጣሁት አዲስ የማኒኮቶ ቁራጭ ነበረኝ። ፀሐይዋን አየሁ፤ ገና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜ አለኝ አልኩ።

አዲሱ ቱቦ በብርዱ ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር። ደግሞ ትንሽ ጠበበ። የሞተሩ ብረት ላይ አልገባ አለኝ፤ ብጫነው ጫፉ ሊቀደድ ነው። በፈላ ውሃ ካልለሰለሰ አይሆንም። በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እንጨት የሚባል የለም። እናቴ ከመኪናው ወርዳ አጠገቤ ቆመች።

«ምን ላግዝህ?»

«እሳት ነው የቸገረኝ።»

ያችን አሮጊት እስካሁን አያታለሁ። ጋቢዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ በውርጩ ላይ ጎንበስ ቀና እያለች የደረቀ ኩበት ትለቅማለች። እቅፍ ሙሉ አምጥታ ከመንገዱ ዳር ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት አነደደችልኝ። እኔ በቆርቆሮ ውሃ ጣድኩ። ኩበቱን ውርጩ ስላረጠበው ጭሱ እንጂ እሳቱ የለም። እፍ ትላለች፣ ዓይኗ ያነባል፣ እንደገና እፍ ትላለች። ልጇን ለማየት የቀራትን ጊዜ በገዛ ትንፋሿ እያነደደችው እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ግን እኔም እንደዚያ አላየሁትም።

አሮጌውን ቱቦ ያሰረው የብረት ቀለበት ዝጎ ካቻቢቴ አልይዝ አለ። በመጋዝ ቆረጥኩት። እጄን አቆሰለኝ። ተሳደብኩ። በዚህ መሐል ከመገንጠያው በኩል አንድ የጭነት መኪና መጣና አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ሰላም አለን፤ ጠና ያለ የመርሳ ሰው ነው፣ ራሱ ላይ ነጭ ቆብ አድርጓል። ወደ ላሊበላ እህል ይዞ መሄዱ ነው።

«ምን ሁናብህ ነው ወንድም?» አለኝ።

አሳየሁት። ሞተሩን፣ አዲሱን ቱቦ፣ ጭሱን እያፈራረቀ አየ።

«ይቺ የማሞቂያ አይደለች እንዴ? ወላሂ ለዚች ነው የምትደክመው? እርግፍ አድርገህ ተዋት! ያችን ደህናዋን አዙረህ ግጠምና ንዳ። ሩብ ሰዓት አትፈጅብህም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ካወቅህ?»

«እናቴን ነው የያዝኩት። ይበርዳታል።»

እሳቱ ዘንድ የተንበረከከችውን እናቴን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዴት ናችሁ?»

«ፍላቂት። ወንድሜ ከወታደሮቹ ጋር አለ።»

«ሱብሐነላህ! ከዚያው እኮ ነው የመጣሁ። ከተማውን ሞልተውት አድረዋል። ጧት ስወጣ መኪኖቹን ነዳጅ ሲሞሉ ነበር። እኔን ከሰማኸኝ አሁኑኑ ተነሥ።»

ይህን ጊዜ ነው ቁጣዬ የመጣው። ሰውየው ደግ ነው፣ የነገረኝም እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ሹፌር እኔን ስለ ማኒኮቶ ያስተምረኛል! እስከ ቀትር እንደሚቆዩ የወንድሜ ወረቀት አለኝ፤ ምክር አልለመንኩህም አልኩት። እሱም ወደ እናቴ ሄዶ፣ «እማማ፣ ያግናኝዎ። ልጅዎን በደህና ያሳይዎ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታት። እናቴም መረቀችው። ምን እንደነገረኝ አልሰማችም። ሲሄድ፣ «ምን አለህ?» አለችኝ። «በርቱ አለ» አልኳት።

ውሃው ፈላ። የቱቦውን ጫፍ ነከርኩት፣ ለሰለሰ፣ ገባ። የሌላኛውን ጫፍ ነከርኩት። ቀለበቱን አጠበቅሁ። ለመሙያ ውሃ ጀሪካን ይዤ ወደ አንዲት ምንጭ ቁልቁል ወረድኩ፤ ስመለስ ልቤ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ሞላሁ፣ አስነሣሁ። ከሞተሩ በኩል ጠብ ጠብ አለ። እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና አሰርኩ። ከዚያ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስተንፈስ ነበረብኝ፤ አየር ካለበት ማሞቂያው አይሞቅም። እሱንም አደረግሁ። እጄን እየጠረግሁ ቀና ስል ጥላዬ ከእግሬ ሥር ገብቷል። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

እንደ እብድ ነዳሁ። መገንጠያውን አልፌ ትልቁን መንገድ ስይዝ ማሞቂያውን ከፈትኩት። ሣጥኗን በእጄ ዳሰስኳት፤ ግላለች። ይሠራል። ያን ያህል የለፋሁበት ነገር ይሠራል።

«ሞቀሽ እማ?»

«ሞቀኝ ሆዴ። እንደርሳለን?»

«እንደርሳለን።»

ፍላቂት ስንገባ መንገዱ ባዶ ነበር። የወታደር ምልክት ብዙ ነው፤ የጠፋ እሳት፣ የተጣለ የምግብ ቆርቆሮ፣ በጎማ የታረሰ ጭቃ። ሰው ግን የለም። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ከደጇ ቆማ አየችን፤ ሳንጠይቃት ሮጣ መጣች።

«እናንተ ናችሁ የላሊበላዎቹ? ውይ! ውይ እናቴ! አሁን እኮ ነው የሄዱት። ገና አቧራው አልተቀመጠም!»

እናቴ ከመኪናው ልትወርድ በሩን እየገፋች ነበር፤ በሩ አልከፈትላት አለ። እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች።

«አንድ ረዥም ልጅ» አለች ሴትየዋ፣ «ከጧት ጀምሮ እዚች ደጅ ላይ ነው። መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር እየዘለለ ይወጣል። መኪናው ላይ ውጡ ሲባሉ እንኳን እሱ መጨረሻ ነው የወጣው። አለቃው ጮኸበት። ካልመጡ ይኼን ለእናቴ ስጪልኝ፣ እግሯን ይበርዳታል ብሎ ነው ያስቀመጠው።» ከጉያዋ አንድ ጥንድ የወታደር የሱፍ ካልሲ አወጣች። አዲስ ነው፤ ገና ከክሩ አልተፈታም።

እናቴ ካልሲውን ተቀበለች። እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ ነበር የቆምኩት፤ ወዲያው ተነሣሁ። ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ገመድ ተወጥሮበታል። ጠባቂው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ወረቀቴን አገላብጦ አየ።

«ጓድ፣ ይኼ እስከ ፍላቂት ብቻ ነው።»

«ወንድሜ ነው! አሁን ያለፈው ጦር ውስጥ ወንድሜ አለ። እናቱ ናት፣ ተመልከታት!»

«አልችልም ጓድ። እኔንስ ልታስገድለኝ ነው?»

ጮህኩበት፣ ለመንኩት፣ መልሼ ጮህኩበት። ማዶ ጋራው ላይ መንገዱ ይታያል፤ መኪኖቹ ተከታትለው ሲወጡ አቧራቸው ይታያል። እናቴ እነሱን ነበር የምታየው። በየትኛው ውስጥ እንዳለ ለማወቅ የምትቆጥራቸው ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የመጨረሻው ጋራውን ሲሻገር ስንቁን ከኋላ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ዳቦውን ለዚያ ጠባቂ ሰጠችው። ልጁ አልቀበልም አለ፤ እጁን ይዛ አስጨበጠችው። «ያንተም እናት እንዲሁ ጋግራ ይሆናል» አለችው። እኔ ዳቦውን ነጥቄ ገደል ልሰደው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ገብሱን አራግፈን ተመለስን። ማሞቂያውን እንደተከፈተ ተውኩት። ላሊበላ ልንገባ ስንል እሷ ናት የተናገረችው። «ራስህን አትብላ። መኪና ሲበላሽ ምን ታደርገዋለህ? የማሽን ነገር ነው።» አዎ አልኳት። የማሽን ነገር ነው አልኳት።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ ማሞቂያው እንደገና ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ቱቦው ሳይሆን ሣጥኗ ራሷ ናት የተበሳችው። ከወንበሩ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሣጥኗን ከቦታዋ ሳወርዳት የሙቀቱ መውጫ አፍ በጨርቅ ተወትፏል። ጎትቼ አወጣሁት። የነጠላ ቁራጭ ነው፣ የእናቴ፤ ጥለቱን ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በደንብ ተጠቅልሎ፣ በደንብ ተጠቅጥቋል። ስፈታው ውስጡ የደረቀ ዳማከሴ ሞልቶታል። ቅጠሉ በሙቀቱ ብዛት ዱቄት ሆኗል። ይህ የሁለት ወር ሥራ አልነበረም፤ ከሙጃው መንገድ ጀምሮ እዚያ የነበረ ነው።

ትኩስ ነፋስ እግሯን መትቶ ከዚያ ወደ ብርድ ስትወርድ ምች እንዳይመታት ነው። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ያደግሁበት ነው። ግን ማሞቂያው የእኔ ሥራ ስለሆነ ምች ያመጣል ብዬ አስቤው አላውቅም። እሷም ልጇ ደስ ብሎት የሠራላትን ነገር አልፈልገውም ማለት ነውር ሆኖባት፣ እኔ ዞር ስል አፉን ደፍናው፣ ሞቀኝ ተባረክ ስትለኝ ኖራለች። ከሙጃው ጉዞ ወዲህ አንዲት ቀን እንኳን ሙቀት እግሯን ነክቷት አያውቅም። ያን ቅዳሜም።

ጨርቁን ጨብጬ ወደ ቤት ሄድኩ። ልጮኽባት ነው የሄድኩት፤ አልደብቅም። ለምን አልነገርሽኝም ልላት ነው። ያን ቀን፣ ያ ሁሉ ኩበት ስትለቅሚ፣ ማሞቂያውን ተወው ብትይኝ ኖሮ ልላት ነው። ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። አፌን ስከፍት ገባኝ። ማሞቂያው ባይሠራም መኪናዋ ትሄድ እንደነበር እናቴ አታውቅም። ቱቦው ካልተሠራ እዚያው የምንቀር ነበር የመሰላት። እሷን ለምን አልነገርሽኝም ካልኩ፣ ታዲያ ማሞቂያውን ትተን መሄድ እንችል ነበር እንዴ ብላ ትጠይቀኛለች። ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። ምሳ አቀረበችልኝ፤ በላሁ።

በማግሥቱ ሣጥኗን በየድኩ። ከጓሯችን እርጥብ ዳማከሴ ቀጥፌ፣ ያንኑ ጨርቅ አጥቤ፣ እሷ እንደጠቀለለችው ጠቅልዬ ቦታው መለስኩት። ከዚያ በኋላም በመኪናዋ በሄደች ቁጥር፣ ሞቀሽ እማ እላታለሁ። ሞቀኝ ሆዴ ትለኛለች። ቅጠሉ ሲደርቅ እኔ እቀይረዋለሁ። ማን እንደሚቀይረው ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።

ከወንድሜ ደብዳቤ አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ በእግሩ ሲመጣ ሰነበተ። እናቴ በየቀኑ ከመንገድ ዳር እየቆመች ከፍላቂት በኩል የመጣውን ሁሉ ትጠይቅ ነበር። ለቅሶ ተቀመጪ ቢሏት እንቢ አለች፤ አስከሬኑን ያየ አለ ወይ ትላለች። መኪናዋ በዚያ ግርግር ማን እንደወሰዳት ሳይታወቅ ጠፋች። ካልሲው ከራስጌዋ ሥር እንደተጣመረ ቆየ። እሱ ሲመጣ አደርገዋለሁ ትል ነበር።

ያረፈችው ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይታ፣ በታኅሣሥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ካልሲውን አውጥቼ ክሩን በጠስኩና አደረግሁላት። አልከለከለችኝም። ጋቢ ደረብኩላት። ከዚያ ከልማድ የተነሣ፣ ሳላስበው፣ «ሞቀሽ እማ?» አልኳት።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«አልሞቀኝም ሆዴ» አለች። «ሞቆኝም አያውቅ።»

ያን ጊዜ ነበር ልነግራት የሚገባኝ። እሷ የእሷን አውጥታ ነበርና የእኔም ተራ ነበር። ሩብ ሰዓት ነበር የሚፈጀው እማ፤ እናገኘው ነበር ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለቱን እግሮቿን ጭኔ ላይ አድርጌ ማሸት ጀመርኩ። አሸሁ፣ አሸሁ፤ ጎረቤቶች ገብተው በቃ ተዋት እስኪሉኝ ድረስ ምንም ሳልናገር አሸሁ።